የኤርባግ መብራት በራ ክላክሱም ዝም አለ፣ ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ

ቁልቁለቱ
ሰኞ ማታ 2፡40
ሰላም ለዚ ቤት። ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። መኪናዬ ኮሮላ የ2004 ነው፣ ከዱባይ የገባ፣ ከሰው እጅ ነው የገዛሁት ሶስት አመት ሊሞላኝ ነው። እስካሁን ዳሽቦርድ ላይ አንድ መብራት በርቶብኝ አያውቅም፣ እንደውም ስገዛው ልቤን ያሳረፈው እሱ ነበር። ትናንት ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ለልቅሶ ስወርድ ጣርማ በር ዋሻውን አልፌ ጉሙ መንገዱን አልብሶታል፣ ያው ታውቁታላችሁ እዛ ጋ ክላክስ እየነፋህ ነው ምትወርደው። ሁለተኛው ይሁን ሶስተኛው መጠምዘዣ ላይ መሪውን ወደ ቀኝ አዙሬ ክላክሱን ብጫነው ዝም። ከታች ደሞ አይሱዙ እየመጣ ነው። መሪውን ቀጥ ሳደርገው ይጮሃል፣ ሳዞረው ዝም። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ልገዛ ቆሜ መኪናውን አጥፍቼ ሳስነሳው ያቺ የተቀመጠ ሰውዬ ከፊቱ ኳስ የያዘ ምትመስለው ቀይ መብራት በራች፣ በዛው ቀረች።
አንድ ነገር ልጨምር፣ ሐሙስ ለት ላቫጆ ውስጡን ሙሉ አሳጥቤው ነበር የፊቱን ወንበሮች ፈተው አውጥተው ነው ምንጣፉን ያጠቡት። ከሱ ይሆን?
ሸዋ ሮቢት ያሳየሁት ባለሙያ "ይሄ ከመንዳት አይከለክልህም፣ አምፖሏን ላውጣልህ" አለኝ። እምቢ ብዬ መጣሁ። ምን ላርግ?

ሳቂታው
ሰኞ ማታ 2፡52
ጥቁር ፕላስተር ለጥፍባት በቃ 😂 የኔ ሞተር ቼክ ላይ ከተለጠፈ ፋሲካ አለፈው

ዲፎርዲ
ሰኞ ማታ 3፡05
ወንድሜ አትጨነቅ። የኔም ሀይሉክስ ላይ በርታ ነበር ክላክሱም እንዳንተው፣ አንድ ልጅ መሪው ስር ያለውን ቢጫ ሶኬት ነቅሎ ሬዚስተር ጣል አደረገበት ጠፋች። ክላክሱን በተን አድርጎ ዳሽቦርድ ላይ አወጣልኝ። ሁለት አመት ሆነኝ ንክች የለም። ከሻይ ቤት ሂሳብ አይበልጥም

ጠባሴ ኤሌክትሪክ
ሰኞ ማታ 3፡31
ዲፎርዲ ወንድሜ አንተ መብራቷን ነው ያጠፋኸው፣ ኤርባጉንም አብረህ አጥፍተኸዋል። ሬዚስተሩ ለኮምፒውተሩ "አለሁ" እያለ ሚዋሽ ሁለት ኦም ገደማ ያላት ነገር ናት ሌላ ምንም አይደለችም። ስትጋጭ ኮምፒውተሩ የፍንዳታውን መብረቅ ወደዛች ሬዚስተር ነው ሚልከው፣ እሷ ትቃጠላለች ያንተ ደረት መሪው ላይ ነው ሚያርፈው። ደግነቱ ያንተ ኤርባግ እላዩ ላይ ስላለ ይመለሳል። እሱን በኋላ እናወራለን።

ቁልቁለቱ፣ ሁለት ጥርጣሬ ነው ያለህ፣ ሁለቱም ያስኬዳል።
አንደኛው ላቫጆው። ወንበር ስር ቢጫ ሶኬቶች አሉ፣ ቢጫ የሆኑት የኤርባግና የቀበቶ መስመር መሆናቸው እንዲታወቅ ነው። ልጆቹ ወንበሩን ሲያወጡ ይነቅሏቸዋል ሲመልሱ ደሞ ወይ ቀጭ ሳይል ይተውታል ወይ ውሃ ይገባበታል። ከወንበር በኋላ የበራች መብራት ከመጣልኝ መጀመሪያ ማየው እሱን ነው፣ ግማሹ እዛው ያልቃል።
ግን ያንተ ክላክስ ሌላ ነገር ነው ሚነግረኝ። ክላክሱ ከወንበር ጋር ምንም አያገናኘውም። መሪው ይዞራል መኪናው አይዞርም፣ ስለዚ ከመሪው ላይ ላለው ኤርባግና ክላክስ መብራት ሚያደርሰው ገመድ እንደ ሜትር ማስለኪያ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ሪባን ነው፣ ክሎክ ስፕሪንግ ነው ሚሉት፣ ቶዮታ ስፓይራል ኬብል ይለዋል። መሪ ባዞርክ ቁጥር ይጠቀለላል ይፈታል። ሃያ አመት ሲጠቀለል ሲፈታ አንድ ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ በአንድ በኩል ስታዞር ብቻ ይለያያል፣ ቀጥ ሲል ይገናኛል። ልክ ያንተው።

ቁልቁለቱ
ሰኞ ማታ 3፡44
እና ወንበር ስር አልይ?

ጠባሴ ኤሌክትሪክ
ሰኞ ማታ 3፡50
እይ እንጂ፣ ግን በእጅህ አትነካካ፣ በዓይንህ ብቻ እይ። መነካካት ከፈለክ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀልና 90 ሰከንድ ቁጭ በል። ለምን በለኝ፣ የኤርባጉ ኮምፒውተር ውስጥ መብራት ሚያጠራቅም ነገር አለ፣ ግጭቱ ባትሪውን ቢሰባብረው እንኳ ኤርባጉ እንዲፈነዳ ነው እንደዛ የተሰራው። ስለዚ ባትሪ ስለነቀልክ ሞተ ማለት አይደለም። እኔ ለራሴ አምስት ደቂቃ ነው ምሰጠው ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ።
ደሞ በምንም ተአምር ቴስተር ይዘህ ኤርባጉን ኦም እንዳትለካው። የቴስተሩ ባትሪ ትንሽ ናት ብለህ እንዳትንቃት፣ ሚፈነዳውም በትንሽ ነው።

ጋሽ መንዜ
ሰኞ ማታ 4፡10
ልጆቼ እኔ ኤርባግ ሚባል ሳላውቅ ሰላሳ አመት ዶጅና አይሱዙ ነድቻለሁ። የኛ ኤርባግ ስለት ነበር 😄 ያቺን መንገድ ግን ያለ ክላክስ አትውረዳት አንተ ልጅ። ጉም ሲሆን መብራት አያሳይህም ድምፅ ነው ሚያሳይህ። መብራቷን ትተህ መጀመሪያ ክላክስህን አሰራ።

ቁልቁለቱ
ሰኞ ማታ 4፡15
እሺ ጋሼ፣ እግዜር ያክብርልኝ። እርሶ እንዳሉት ነው ማረገው

የአንኮበሯ
ማክሰኞ ጠዋት 1፡20
ክሩን ሳይ የኔንም ልጠይቅ ብዬ፣ ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። የኔ ያሪስ ናት፣ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ሲሆን ሳስነሳት ይቺው መብራት በርታ ትንሽ ቆይታ ትጠፋለች። ቀን ላይ ምንም የለም። የብልሽቱን ቁጥር፣ ኮድ ሚሉትን፣ በኮምፒውተር አስነበብኩ "ምንም ኮድ የለም" አሉኝ። ኮድ የለም ከተባለ ምኑን ላሰራ?

ጠባሴ ኤሌክትሪክ
ማክሰኞ ጠዋት 1፡48
እመቤቴ ያንቺ ቀላሉ ነው። መብራት በርቶ ኮድ ከሌለ ቶዮታ ላይ ብዙ ጊዜ የቮልቴጅ መውደቅ ነው። የደብረ ብርሃንና የአንኮበር ብርድ ባትሪ ይገድላል፣ ሞተር ስታስነሺ ሞተሪኖው መብራቱን ሁሉ ይጎትተዋል፣ ኮምፒውተሩ በቂ ቮልት አላገኘሁም ብሎ ያበራል፣ ዲናሞው ሲመልስለት ራሱ ያጠፋል። ኮድ አይመዘግብም። ማታ መኪናዋ ካረፈች በኋላ ጠዋት ሳትነሳ ባትሪውን አስለኪ፣ ጤነኛ 12.6 አካባቢ ነው፣ ከ12.2 በታች ከሆነ ባትሪሽ ሄዷል። የባትሪውን ቁልፍና የማሳውን (ኔጌቲቩን ከመኪናው ብረት ሚያገናኘውን) ገመድ ነጭ ዱቄት ይዞት እንደሆነም እዪ፣ አንዳንዴ በሙቅ ውሃ መታጠብ ብቻ ነው።

የአንኮበሯ
ማክሰኞ ምሽት 1፡02
11.9!!! አራት አመቱ ነው ባትሪው። ተባረክ

ቁልቁለቱ
ረቡዕ ማታ 3፡00
ወንበር ስር አየሁ ሶኬቶቹ ልክ ናቸው ደረቅ ነው። ብሉቱዝ ምትሰራዋን ትንሿን ስካነር ጎረቤቴ ጋ ተበድሬ ብሰካት "ኮድ የለም" አለችኝ። እንደ እህታችን ባትሪ ይሆን? ለክቼው 12.5 ነው

ጠባሴ ኤሌክትሪክ
ረቡዕ ማታ 3፡12
ያቺ ስካነር ሞተር ብቻ ነው ምታነበው። ኤርባግና ኤቢኤስ (የፍሬኑ ኮምፒውተር) ውስጥ አትገባም፣ "የለም" ስትልህ "አላየሁም" ማለቷ ነው። ስንቱ ሰው በሷ ተታሏል።
ኤርባግ ምታነብ ትልቅ ስካነር ያለው ሰው ጋ ሂድ፣ ካጣህ ግን ያንተ መኪና አሮጌ ዘዴ ይቀበላል። መሪው ስር ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት አለ፣ ከላይ ስምንት ከታች ስምንት። ከላይኛው ረድፍ ከግራ አራተኛውን (4) ከታችኛው ረድፍ ከግራ አምስተኛው (13) ጋር በቀጭን ሽቦ አገናኝና ቁልፉን ሞተር ሳታስነሳ ክፈት። መብራቶቹ ብልጭ ብልጭ ይላሉ፣ አንተ ሌሎቹን ተዋቸው ኤርባጓን ብቻ ቁጠር። መጀመሪያ አስሩ ቤት፣ ትንሽ አረፍ፣ ከዛ አንዱ ቤት። ምንም ኮድ ከሌለ ሳያቋርጥ እኩል ነው ሚመታው።
16 ቁጥሯን ብቻ እንዳትነካ፣ የታችኛው ረድፍ መጨረሻ ናት፣ ቀጥታ ከባትሪ ነው ምትመጣው፣ ከማሳ ጋር ካገናኘሃት ፊውዝ ይበላል።

ሳቂታው
ረቡዕ ማታ 3։20
ይሄ መኪና ነው ወይስ ቴሌግራም በሞርስ ሚላክበት

ቁልቁለቱ
ሐሙስ ጠዋት 2፡30
አደረኩት! እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ሽቦውን ያስገባሁት ባለቤቴ ቪዲዮ ስትቀርፅ። አንድ ጊዜ ብልጭ፣ አረፍ፣ አራት ጊዜ ብልጭ። አስራ አራት። ሶስት ጊዜ ደጋግሜ ቆጠርኩት ሌላ የለም 14 ብቻ

ጠባሴ ኤሌክትሪክ
ሐሙስ ጠዋት 2፡41
14 ማለት በስካነር ቢ0101 ሚለው ነው። የሹፌሩ ኤርባግ መስመር ተቆርጧል። 13 ቢሆን ሾርት ነበር። ከክላክሱ ጋር ገጠመ፣ ሪባኑ ነው። ቅዳሜ ና እኔ ጋ እንክፈተው፣ ዕቃውን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ ሚሸጥበት፣ ደውዬ አስፈልጋለሁ። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም ነገ ይቀየራል እናንተ ደሞ ትሰድቡኛላችሁ።

ዲፎርዲ
ሐሙስ ጠዋት 3፡15
እሺ ግን አንድ ልጠይቅ፣ መብራቷ ስትበራ አንዱ ብቻ ነው ሚጠፋው አይደል? የተሳፋሪው ይሰራል ይባላል

ጠባሴ ኤሌክትሪክ
ሐሙስ ጠዋት 3፡22
አትተማመንበት። ብዙ መኪና ላይ መብራቷ ስትበራ ምን ያህሉ እንደሚሰራ እርግጠኛ መሆን አትችልም፣ ቀበቶውን በግጭት ጊዜ ጭምቅ አድርጎ ሚይዝህ ነገርም እዛው መስመር ላይ ነው ያለው። ቀበቶ ራሱ ግን ይይዛል ስለዚ ማሰር እንዳትተው።

ቁልቁለቱ
ቅዳሜ ማታ 2፡05
ጉድ ስሙ። ቁጭ በሉና ስሙኝ።

ጠዋት 3 ሰዓት ጠባሴ ደረስኩ። ባትሪ ነቅለን ሻያችንን ጠጥተን ተመለስን። ጎማውን ቀጥ አደረገ፣ ከመሪው ጀርባ ግራና ቀኝ ያሉትን ባለኮከብ ብሎኖች ፈታ፣ እኔ ኤርባጉ ሲወጣ ላየው ጓጉቼ ስልኬን ይዣለሁ። "ራቅ በል ፊትህን" አለኝ። ኤርባግ ሲያዝ ፊቱ ከሰውነት ወዲያ ዞሮ ነው፣ ሲቀመጥም ፊቱ ወደ ላይ ነው ሚሆነው፣ ቢፈነዳ እንኳ ወደ ጣራ እንዲሄድ፣ በፊቱ ደፍተህ ካስቀመጥከው እሱ ራሱ እንደ ሮኬት ይነሳል አለኝ። በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ ሳበው፣ ከዛ ዝም አለ። እጁ ላይ እያገላበጠ "ቀለለኝ" አለ።

ባዶ ነው። የቶዮታ ምልክት ያለባት ፕላስቲኳ ብቻ። ከኋላዋ ኳሱም የለም፣ ቆርቆሮዋም የለችም፣ ምንም። ቢጫው ሶኬት ላይ ሁለት እግር ያላት የጥፍር ጫፍ ምታክል ሬዚስተር ተሰክታ በጥቁር ቴፕ ተጠቅልላለች። ቴፑ ደርቆ ሲነካ ይፈረካከሳል፣ የቆየ ነው።

ሶስት አመት ሙሉ ልጆቼን ጭኜ ከዛ ቁልቁለት ስወርድ የነበረው በዚች ነው። "አንድም መብራት የለበትም" ብዬ የገዛሁት! ሪባኑ ባይሰበር እስከ ዛሬም አላውቅም፣ ሬዚስተሯን ሚያገናኘው ገመድ ሲቆረጥ ነው ኮምፒውተሩ የነቃው። የሸጠልኝን ሰው ደወልኩለት፣ "እኔም እንደዚሁ ነው የገዛሁት" አለ። ሊሆንም ይችላል ማን ያውቃል።

ጋሽ መንዜ
ቅዳሜ ማታ 2፡20
ወይ ጉድ! አቤት ሰው

የአንኮበሯ
ቅዳሜ ማታ 2፡24
ማርያምን ገላዬ ተሸማቀቀ

ሳቂታው
ቅዳሜ ማታ 2፡31
እኔ ምቀልደው አለቀብኝ። ተጋጭቶ ነበር ማለት ነው?

ጠባሴ ኤሌክትሪክ
ቅዳሜ ማታ 2፡55
እኔም መጀመሪያ እንደዛ ነበር ያሰብኩት። ግን ከፊት ቢጋጭ የዚ ኮሮላ የሹፌሩም የተሳፋሪውም አብረው ነበር ሚፈነዱት። የተሳፋሪውን በኩል የዳሽቦርዱን ሳጥን አውርደን በባትሪ መብራት ስናይ ቆርቆሮው አለ፣ ወረቀቱ አለ፣ ዳሽቦርዱ አልተሰፋም አልተሞላም። ቀበቶዎቹን ሙሉ ስበን አወጣናቸው፣ ታች ጫፍ ላይ የተመረቱበት ቀን የተጻፈበት ጨርቅ አለ፣ ከመኪናው አመት ጋር ይገጥማል፣ ሲሳቡም ሲመለሱም ልክ ናቸው። የፈነዳ መኪና ቀበቶ አብዛኛውን ጊዜ ይነክሳል። ስለዚ የኔ ግምት ተጋጭቶ አይደለም፣ አንድ ሰው የሹፌሩን ኤርባግ አውጥቶ ሸጦታል። ኤርባግ ገበያ አለው። ወስዶ ሬዚስተር ሰክቶ ፕላስቲኩን መልሶ መዝጋት የሃያ ደቂቃ ስራ ነው።

ሰው መኪና ሲገዛ መብራት አለመብራቱን ብቻ ነው ሚያየው። ቁልፍ ስትከፍት ኤርባጓ ለስድስት ሰከንድ ያህል በርታ መጥፋት አለባት፣ ጭራሽ ካልበራች አምፖሏ ወጥቷል፣ ከሌላ መብራት ጋር እኩል በርታ እኩል ከጠፋች ደሞ ከዛኛው ጋር ቀጥለዋት ነው። ግን ያንተ ስድስት ሰከንዷን ጠብቃ ስትጠፋ ነበር። ለዚህ ሬዚስተር ሌላ መድኃኒት የለውም፣ ከፍቶ ማየት ነው።

ዱባይን ያየ
ቅዳሜ ማታ 3፡30
የተሳፋሪው አለ ብላችሁ እንዳትደሰቱ። የ2003 እና 2004 ኮሮላ የታካታ (የጃፓን ኤርባግ ሰሪ ካምፓኒ ነው) ኤርባግ ካለበት አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2024 ቶዮታ "ጥገናው ሳይሰራ እንዳትነዱት" ብሎ ያወጀው ነው፣ ማትሪክስና ራቭፎር ተጨምረው ወደ 50 ሺህ መኪና። ውስጡ ያለው አሞኒየም ናይትሬት በሙቀትና በርጥበት ብዛት ባህሪው ይለወጣል፣ ሲፈነዳ ቆርቆሮውን ቀዳዶ ስብርባሪ ፊት ላይ ይረጫል። እዚህ ያሉ ብዙ መኪኖች መጀመሪያ አሜሪካ የተሸጡ፣ ተጋጭተው ዱባይ የታደሱ ናቸው።

ቁልቁለቱ
ቅዳሜ ማታ 3፡41
በስመአብ። አንዱ ባዶ አንዱ ፈንጂ?

ጠባሴ ኤሌክትሪክ
ቅዳሜ ማታ 3፡58
ቆይ አትደንግጥ። እሱ ያለው እውነት ነው ግን ያንተ ከነሱ መሆን አለመሆኑ ሚታወቀው በሻንሲ ቁጥሩ ነው፣ የቶዮታ ወኪል ጋ ቁጥሩን ይዘህ ሄደህ አስጠይቅ። አንድ ነገር ግን ሁሉም ይያዘው፣ ለታካታ ችግር መብራት አይበራም። መስመሩ ሙሉ ነው ኮምፒውተሩ ደስተኛ ነው። ለዛ ነው ሶማሌ ተራ ሄደህ "የሹፌር ኤርባግ ስጡኝ" ማለት ማልወደው፣ ከየትኛው መኪና እንደወጣ፣ ስንት ክረምት ግቢ ውስጥ እንደዋለ አታውቅም። ቁጥሩ ገጥሞ፣ ከየት እንደወጣ የታወቀ እስኪገኝ ጠብቅ።

ዲፎርዲ
ቅዳሜ ማታ 4፡20
እና አሁን መብራቱን አጠፋችሁት?

ቁልቁለቱ
ቅዳሜ ማታ 4፡33
አላጠፋነውም። ሪባኑን ቀየርነው፣ እሱን ሲገጥም በጣም ነው የተጠነቀቀው፣ ወደ ግራ እስኪከብድ አዙሮ ከዛ ሁለት ዙር ተኩል ወደ ቀኝ መልሶ ምልክቷን አገጣጠማት፣ መሃል ካልሆነ መጀመሪያ መኪና ስታቆም መሪውን ሙሉ ስታዞር ይበጠሳል አለኝ። ክላክሱ ግራም ቀኝም ይጮሃል አሁን። ሬዚስተሯን መልስልኝ ብለው እምቢ አለኝ ስለ እውነት ተናድጄበትም ነበር፣ ቦሎ ሲደርስ ምን ልል ነው ብዬ። "ኤርባግ የለህም፣ መብራቷ የለህም ትበል" አለኝ። ሬዚስተሯን በሶፍት ጠቅልሎ ሰጠኝ፣ ኪሴ ውስጥ ነው ያለችው።
ስመለስ ባለቤቴ መብራቷን አይታ "አልተሰራም እንዴ?" አለች። እንዴት ብዬ ላስረዳት።

ዲፎርዲ
ቅዳሜ ማታ 4፡50
ጠባሴ፣ እሁድ ትከፍታላችሁ?

ጠባሴ ኤሌክትሪክ
ቅዳሜ ማታ 4፡52
ከቅዳሴ መልስ 4 ሰዓት። ሬዚስተሩን አንተ እንዳትነካው፣ እንደነበረ ይዘኸው ና።